ከዶን ወንዝ ዳር እስከ ስታኒጅ ምሰሶ፦ ስድስት ቀን በሼፊልድ

ማክሰኞ

ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ተነስቼ ሼፊልድ የገባሁት ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጅቶብኝ ነው። ከባቡር ጣቢያው ስወጣ መጀመሪያ የሰማሁት የውሃ ድምፅ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት የሚያብረቀርቅ ረጅም የብረት ግድግዳ ቆሟል፣ ውሃው እየተንሸራተተበት ይወርዳል። ቦታው ሺፍ አደባባይ ይባላል። ሺፍ ለከተማዋ ስሟን የሰጣት ወንዝ ነው፤ ወንዙ ራሱ ግን አይታይም። ጣቢያው ሥር በድንጋይ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ያልፋል። ቆሜበት ሳለ ከእግሬ በታች እየሄደ መሆኑን የነገረችኝ ልትቀበለኝ የመጣችው ጓደኛዬ ናት።

አብረን የተማርን ነን። እዚህ ከመጣች 12 ዓመት ሆኗታል፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መንከባከብ ነው። የምትኖረው ሚርስብሩክ በሚባል ሰፈር ነው። ቤቷ ለመድረስ ዳገት፣ ከዚያ ሌላ ዳገት። «እዚህ አገር ቀጥ ያለ መንገድ ካየሽ ንገሪኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከተማዋ የተዘረጋችው አምስት ወንዞች በቆፈሯቸው ሸለቆዎች ላይ ነው፤ ዶን፣ ሺፍ፣ ሪቭሊን፣ ሎክስሊና ፖርተር ይባላሉ። አንዳንዱ ጎዳና ቁልቁለቱ ከመብዛቱ የተነሳ ዳሩ ላይ የእጅ መደገፊያ ብረት ተተክሎበታል።

ማታ ሚርስብሩክ መናፈሻ አናት ላይ ወጣን። ከተማው በሙሉ ከታች ተዘርግቶ ይታያል፣ መብራቱ ኮረብታ ለኮረብታ ይወጣል ይወርዳል። የሰፈሩ ስም «የወሰን ጅረት» ማለት እንደሆነ ነገርኳት፣ አታውቅም ነበር። ያቺ ጅረት ድሮ ዮርክሻየርንና ደርቢሻየርን፣ ሁለቱን ጎረቤት አውራጃዎች፣ ትለይ ነበር። ሺፍ የሚለውም ስም መለየትን፣ ወሰንን ያመለክታል ይባላል። እኔን ወደዚህ ያመጣኝም ይኸው ነው። ወሰን ደስ ይለኛል። አንድ ከተማ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ እዚያ ወሰን ውስጥ ደግሞ ማን ምን እንደሚወስን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቤት ስንገባ የካውንስል ታክስ ወረቀቷን (ለከተማው ምክር ቤት፣ ለካውንስሉ፣ የሚከፈለው የቤት ግብር ነው) አምጪ አልኳት። መሳቢያ ውስጥ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። በየወሩ ትከፍላለች እንጂ አንብባው አታውቅም። ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። አንዱ መስመር የሼፊልድ ካውንስል ነው። ሌላው መስመር ለአዋቂዎች እንክብካቤ ተብሎ ለብቻው ተጽፏል። ፖሊስ አለ፣ እሳት አደጋ አለ። «ይሄ እንክብካቤ የሚለው የኔ ሥራ ነው እኮ» አለች። አዎ፣ እሱ ነው። የምትንከባከባቸው አረጋውያን ብዙዎቹ ወጪያቸው የሚሸፈነው በካውንስሉ በኩል ነው፣ ካውንስሉም ብዙ ገንዘብ ከሚያፈስባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይኸው ነው። ቤቷ የተመደበበት ደረጃ ደግሞ ቤቱ በሚያዝያ 1991 ሊያወጣ ይችል በነበረው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነው። (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ከሠላሳ ዓመት በላይ ባለፈው ዋጋ ዛሬም ይከፈላል። ይሄ ትክክል አይመስለኝም።

ረቡዕ

እሷ ሥራ ገባች፣ እኔ ማዘጋጃ ቤቱን ላይ ሄድኩ። ሕንፃው የተመረቀው በግንቦት 1897 ነው፣ መርቃ የከፈተችው ንግሥት ቪክቶሪያ ከሰረገላዋ ሳትወርድ ነበር። ግንቡ ጫፍ ላይ የቆመው ሐውልት ቩልካን ይባላል፣ የጥንት ሮማውያን የእሳትና የአንጥረኞች አምላክ ነው። በሌላ አገር እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ንጉሥ ወይም ጄኔራል ይቆማል። እዚህ ግን ብረት ቀጥቃጭ ነው ከላይ ሆኖ የሚያየው። ሥራው የሚኮራበት ከተማ መሆኑን ከዚያ በላይ የሚነግር የለም።

አሁን ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ብዙ አበሻ እዚህ አገር ዓመታት ኖሮ «መንግሥት» ሲል ሁሉንም አንድ አድርጎ ነው የሚያየው። ሼፊልድ 28 ዋርዶች አሏት። ዋርድ ማለት በኛ አነጋገር ቀበሌ ብንለው ይቀርባል፣ ግን ጽሕፈት ቤት የለውም፣ የምርጫ ክልል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዋርድ ሦስት ተወካይ ይመርጣል፤ ካውንስለር ይባላሉ። በድምሩ 84 ናቸው። ሁሉም በአንድ ቀን አይመረጡም። በአራት ዓመት ውስጥ በሦስቱ ዓመታት በየግንቦቱ አንድ ሦስተኛው ይመረጣል፣ አራተኛው ዓመት እረፍት ነው። ቆሻሻ መሰብሰብ፣ መንገድ፣ የካውንስል ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕፃናት ጥበቃ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ይሄ ሁሉ በነሱ እጅ ነው።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን ዋናውን ነገር የሚወስኑት መሪውና እሱ ዙሪያ ያሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የቀሩት ካውንስለሮች ተመርጠውም ዳር ቆመው ያዩ ነበር። ይሄን የለወጠው ዛፍ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 ካውንስሉ የከተማውን መንገዶች ለ25 ዓመት እንዲያድስና እንዲጠብቅ ከአንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። በውሉ ውስጥ የመንገድ ዳር ዛፎች መቁረጥም ነበረበት። ሰዎች በየደጃቸው ያሉ ጤነኛ ትልልቅ ዛፎች ሲወድቁ አዩ። ጠየቁ፣ ፈረሙ፣ ዛፍ ሥር ቆሙ። በኅዳር 2016 ረስትሊንግስ ሮድ በሚባል ጎዳና ሰው ገና ሳይነጋ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ መኪናውን እንዲያነሳ ታዘዘ፣ ዛፎቹ በፖሊስ ጥበቃ ተቆረጡ፣ ጡረተኞች ታሰሩ። በ2018 ከ36,000 የመንገድ ዳር ዛፎች ውስጥ 17,500ውን የመተካት ዒላማ በውሉ ውስጥ እንደነበረ ይፋ ወጣ። በዚያው ዓመት መቁረጡ ቆመ። በኋላ ሰር ማርክ ሎውኮክ የሚባሉ ሰው የመሩት ገለልተኛ ምርመራ በ2023 ውጤቱን ሲያወጣ ካውንስሉ ሕዝቡንም ፍርድ ቤቱንም እንዳሳሳተ ጻፈ፣ ካውንስሉም ይቅርታ ጠየቀ።

ታዲያ ሰዎቹ በዛፉ ብቻ አልቆሙም። «ይሄን የወሰነው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሕጉ ከመራጩ አምስት በመቶው ከፈረመ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ይላል። በየገበያውና በየመናፈሻው እየዞሩ ፊርማውን ሰበሰቡ። በግንቦት 2021 ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ፣ 65 በመቶ ያህሉ የኮሚቴ ሥርዓትን መረጠ። ከግንቦት 2022 ጀምሮ ውሳኔው ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ ከሁሉም ፓርቲ የተውጣጡ ካውንስለሮች ወደሚቀመጡባቸው ኮሚቴዎች ሄደ። ዛፍ ከመጠበቅ ተነስቶ የከተማን አስተዳደር መለወጥ! ይሄን ሳስብ ሰውነቴን ይወረኛል።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ መጣችና ቼልሲ ሮድ ላይ ያለውን አሮጌ ዛፍ ለማየት ሄድን። ሊቆረጥ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የተረፈ ነው። ዝርያው እንግሊዝ ውስጥ በበሽታ አልቆ ጥቂት ብቻ የቀረ ሲሆን፣ እዚህኛው ላይ ደግሞ ብርቅ የሆነ ቢራቢሮ ይራባበታል። ግንዱን ደገፍ ብላ ቆመች። «በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ» አለች።

ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ አንድ ሌላ ሰው ትዝ አለኝ፣ እሱን ሳላነሳ አላልፍም። ማጂድ ማጂድ። ሶማሊያ ተወልዶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ለወራት ኢትዮጵያ ውስጥ የስደተኞች ካምፕ ኖሮ፣ በአምስት ዓመቱ ሼፊልድ የገባ ልጅ ነው። በግንቦት 2018 በ28 ዓመቱ የሼፊልድ ሎርድ ሜየር ሆነ። ሎርድ ሜየር ለአንድ ዓመት የሚሾም የክብር ቦታ ነው፤ የካውንስሉን ስብሰባ ይመራል፣ ከተማውን ወክሎ እንግዳ ይቀበላል፣ ወርቅ ሐብል ያጠልቃል፣ በጀት ግን አይወስንም። ቢሆንም ከኛ ካምፕ ወጥቶ ያንን ሐብል ማጥለቅ ቀላል ነገር አይደለም። ይሄው ከተማ ነው በ2007 በብሪታንያ የመጀመሪያው «የመጠለያ ከተማ»፣ ማለትም ስደተኛን ተቀብሎ የሚያስጠጋ ከተማ፣ የተባለው።

ሐሙስ

በትራም ወደ ምሥራቅ፣ እስከ ሜዶውሆል። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ትራሙ ከ1994 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ለዓመታት በግል ኩባንያ ተይዞ ቆይቶ በመጋቢት 2024 ወደ መንግሥት እጅ ተመልሷል።

ምሥራቁ ዝቅ ያለ፣ ሜዳ ነው። ዶን ወንዝ እዚህ ይሰፋል። ትልልቆቹ የብረት ፋብሪካዎች የተተከሉት በዚህ ሜዳ ላይ ነበር። በ1913 ሃሪ ብሬርሊ የማይዝገውን ብረት ያገኘው በዚችው ከተማ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የገበያ አዳራሹ ሜዶውሆል በ1990 የተከፈተው የብረት ፋብሪካ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ከአጠገቡ ባለ ሁለት ፎቅ ድልድይ አለ፣ ከላይ ኤም1 አውራ ጎዳና፣ ከሥር ሌላ መንገድ ይሄድበታል። ከድልድዩ አጠገብ ሁለት ግዙፍ የማቀዝቀዣ ማማዎች ነበሩ፣ በነሐሴ 2008 ሌሊት በፈንጂ ወረዱ። ከተማው አሁንም ያወራላቸዋል።

የከተማው ዝቅተኛ ቦታ እዚህ አካባቢ ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 10 ሜትር ብቻ። ትንሽ ብትራመዱ ሮዘራም ትገባላችሁ፣ እሱ ሌላ ካውንስል ነው። ወሰኑ ላይ አጥር የለም፣ ምልክቱን ካላያችሁ አታውቁትም። ዝናብ ሲበዛ ግን ወንዞቹ ወሰን አያውቁም። በሰኔ 2007 ዶንና ሌሎቹ ሞልተው ሼፊልድ ውስጥ ሁለት ሰው ሞተ፣ መሐል ከተማ አቅራቢያ ያለው ዊከር ጎዳና በውሃ ተዋጠ።

መመለሻዬ ላይ ስፒታል ሂል ወርጄ እንጀራ ገዛሁ። ማታ ሽሮ በላን።

ዓርብ

ብራድፊልድ ልንሄድ አውቶቡስ ጥበቃ ቆመን ሳለ አንዲት ባልቴት ታሪክ አወሩን። በ1970ዎቹ አውቶቡስ በሳንቲም ይሳፈሩ እንደነበር፣ ሼፊልድ ያለችበት የሳውዝ ዮርክሻየር አውራጃ የዚያን ጊዜ ካውንስል ዋጋውን እንደያዘው፣ በ1986 ያ ካውንስል ፈርሶ አውቶቡሱም ለግል ኩባንያዎች ሲለቀቅ ዋጋው በአንድ ጊዜ እንደተሰቀለ ነገሩን። ዛሬ የሚጠብቁት አውቶቡስ ቀርቷል፣ ከኩባንያው ማስታወቂያ እንኳን የለም። «ለካውንስለሬ ጻፍኩ፣ በኔ እጅ አይደለም አለኝ» አሉ።

ልክ ነው፣ በካውንስለሩ እጅ አይደለም። አውቶቡስ ከካውንስሉ በላይ ባለው አካል እጅ ነው። ሼፊልድ፣ ሮዘራም፣ ባርንስሊና ዶንካስተር አራቱ አንድ ላይ ሆነው በሕዝብ የሚመረጥ አንድ ከንቲባ አላቸው፤ የመጀመሪያው በ2018 ተመረጠ። ትራንስፖርት ከሥራዎቹ አንዱ ነው። በ2025 መስመሩን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን እንደገና የሕዝብ አካል እንዲወስን ተወሰነ። ባልቴቷ ይሄን ያውቃሉ፣ ግን እስኪደርስ መጠበቅ አለ።

ብራድፊልድ የሚገርም ቦታ ነው። ከተማ ውስጥ ናችሁ በካርታው፣ በዓይናችሁ ግን በጎች፣ የድንጋይ አጥር፣ ኮረብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን። በ1974 አዲሱ የአስተዳደር ሕግ ሲወጣ ሼፊልድ ከምዕራብና ከሰሜን ብራድፊልድን፣ ኤክልስፊልድንና ስቶክስብሪጅን ይዛ ሰፋች። ሦስቱ ዛሬም የራሳቸው ትንሽ ምክር ቤት አላቸው፣ መሐል ከተማው ግን የለውም። ሌላ ነገር ደግሞ፣ ከከተማው ክልል አንድ ሦስተኛው ገደማ የፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ቤት ለመሥራት ፈቃድ የሚሰጠው ፓርኩ እንጂ ካውንስሉ አይደለም። ቆሻሻውን የሚያነሳው ካውንስሉ ነው፣ ጣሪያ ለመቀየር የሚፈቅደው ሌላ።

ከመንደሩ በእግር ወደ ዴል ዳይክ ግድብ ወጣን። እዚህ ላይ ነው ልቤ የቆመው።

በ1864 እዚህ አንድ የግል የውሃ ኩባንያ ግድብ ሠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየሞላበት ነበር። መጋቢት 11 ማታ ነፋስና ዝናብ ነው። ግድቡ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታየ። የኩባንያው መሐንዲስ ጆን ጋንሰን ከከተማ ተጠርቶ በሌሊት መጣ። እሱ እዚያው ቆሞ ሳለ፣ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ግድቡ ተናደ። ውሃው የሎክስሊን ሸለቆ ተከትሎ በማሊን ብሪጅና በሂልስቦሮ በኩል እስከ መሐል ከተማ ወረደ። ሰው ተኝቶ ነበር። ቢያንስ 240 ሰው ሞተ። ቤተሰብ በሙሉ ከነቤቱ የሄደ አለ።

ዛሬ ያለው ግድብ ከዚያ በኋላ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በ1875 የተሠራ ነው። የድሮው የነበረበት ቦታ ሣር ውስጥ ትናንሽ ድንጋዮች ተተክለዋል፣ አራት ፊደል ተቀርጾባቸዋል፦ ሲ፣ ኤል፣ ኦ፣ ቢ። «የአሮጌው ግድብ መካከለኛ መስመር» ማለት ነው። ይኸው ነው። አንዱን ድንጋይ በእጃችን ሙሱን ጠርገን አነበብነው። ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ሥራዋ አንዳንዴ ሂልስቦሮ ነው፣ የምትንከባከባቸው ሰዎች ቤት ያ ውሃ ባለፈበት መስመር ላይ ነው።

በ1888 ከተማው ውሃውን ከኩባንያው ገዝቶ በራሱ እጅ አደረገ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ የእንግሊዝ ውሃ ሁሉ ተመልሶ ለግል ተሸጠ። በየቤቱ ስለሚገባ ውሃ ማን ይጠየቃል የሚለው እዚህ አገር ዛሬም የሚያከራክር ነገር ነው፣ እኔ ግን ከዚያ ሣር ላይ ቆሜ ሳስበው የውሃ ነገር የሕዝብ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ቅዳሜ

አጭር ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ቀን ስንራመድ ዋልን። ልጆቹም መጡ። በአውቶቡስ እስከ ሎጅ ሙር፣ ከዚያ በሬድማየርስ የውሃ ማጠራቀሚያዎች አጠገብ በእግር ወደ ምዕራብ። ቤቶቹ በአንድ ጊዜ ያልቃሉ። ከዚያ ቡናማ ሣር፣ ነፋስ፣ ሰማይ። ትንሹ ልጅ «አሁንም ሼፊልድ ነን?» እያለ በየደቂቃው ይጠይቃል። አሁንም ሼፊልድ ነን።

ስታኒጅ ምሰሶ ከሩቅ ይታያል። አንድ ረጅም እንጨት ነው፣ ድንጋይ ላይ ተተክሎ። በዮርክሻየርና በደርቢሻየር መካከል የወሰን ምልክት ሆኖ ለዘመናት የቆመ ነው። የቀድሞው ስለበሰበሰ በ2016 አዲስ ተተክቷል። ሥሩ ያለው ድንጋይ ላይ ፊደሎችና ዓመታት ተፈልፍለዋል፣ የድሮ ወሰን ጠባቂዎች የጻፉት ነው። ልጆቹ አንድ እግራቸውን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አድርገው ቆሙ።

ከምሰሶው ትንሽ አልፎ ገደሉ አለ፣ ጥቁር ድንጋይ እንደ ግድግዳ ለኪሎ ሜትሮች የሚዘልቅ። ከሥሩ ክብ ክብ የወፍጮና የመሳያ ድንጋዮች ተፈልፍለው ሳይወሰዱ ቀርተዋል። እዚህ ነው ነገሩ የገባኝ። የሼፊልድ ቢላዋ የተሳለው በዚህ ዓይነት ድንጋይ ነው፣ ድንጋዩን ያዞረው ከዚህ ኮረብታ የሚወርደው ውሃ ነው፣ ያ ውሃ ነው ሐሙስ ዕለት ሜዳው ላይ ያየሁት። የከተማው ወሰን ከ10 ሜትር ተነስቶ ሰሜን ምዕራብ ባለው ሃይ ስቶንስ እስከ 548 ሜትር የሚወጣው ለካ ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማውን የሠሩት ወንዞች ብዙዎቹ የሚነሱት ከዚሁ ነው።

እሑድ

ባቡሬ ከሰዓት ነው። ጠዋት ዶር ወደምትባለው ደቡብ ምዕራብ ያለች መንደር ሄድን። እስከ 1930ዎቹ ደርቢሻየር ነበረች፣ ከዚያ ሼፊልድ ወሰደቻት። መስኩ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ፦ በ829 የዌሴክሱ ንጉሥ ኤግበርት ሠራዊቱን ይዞ እዚህ ድረስ መጥቶ የኖርተምብሪያን ሰዎች ለሱ ገብረው ተመለሱ። ያኔም እዚህ ወሰን ነበር።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ ጓደኛዬ ስልኳን አወጣች። የእንግሊዝ ፓስፖርት ከያዘች ሦስት ዓመቷ ነው። አንድም ጊዜ መርጣ አታውቅም፤ «እኔ ምን አገባኝ፣ ማንን አውቃለሁ» ትለኝ ነበር። ዜግነት ሳታገኝ በፊት መምረጥ አትችልም ነበር፣ አሁን ግን ትችላለች። ለመራጭነት ልትመዘገብ የብሔራዊ ኢንሹራንስ ቁጥሯን አስገባች፣ አድራሻዋን ጻፈች። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

«ዋርዴ ማነው አልሽኝ?»

«ግሊድለስ ቫሊ።»

የሦስቱን ካውንስለሮች ስም ፈልጋ አገኘች። ጮክ ብላ አነበበቻቸው፣ አንዱን ስም ሁለት ጊዜ፣ አጠራሩ እስኪስተካከልላት። ከዚያ የቤቷን ፊት ለፊት ዛፍ ፎቶ አሳየችኝ፣ ረቡዕ ማታ ነው ያነሳችው፣ ሥሩ የእግረኛ መንገዱን አንስቶታል። «እንዳይቆርጡት ግን እንዲያስተካክሉት ለነሱ ነው የምጽፈው?» አለች። ለነሱ ነው አልኳት። መጻፍ ጀመረች፣ እኔ እንግሊዝኛውን አየሁላት፣ ልጆቹ ድንጋዩ ላይ ወጥተው ይዘላሉ። ባቡሩ ሊያመልጠኝ ጥቂት ሲቀረው ላከችው።